ሁለተኛው ጉርሻ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኢዮስያስ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የግራ ጫማውን በገዛ እጁ አጠለቀ። ሚስቱ ማርሲላስ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየዋለች። ክሩን ሲያጠብቅ ፊቱ አልተኮማተረም። አስሮ ሲጨርስ ፈታውና እንደገና አሰረው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም፣ ስላላመመው ነው።

«ማርሲ፣ እግር አለኝ እኮ!»

በዚያ ዘመን አዳማ ከተማ ውስጥ እግር አለኝ ማለት ቀላል ነገር አልነበረም። ከተማው በሙሉ ያነክሳል። ከብት አልቆ ሥጋ በገንዳ ማብቀል ከተጀመረ ወዲህ ሥጋ እንደ ዳቦ በየጠዋቱ በር ላይ ተቀምጦ ይገኛል፣ ጎመን ግን ለሠርግ ነው። የገንዳ ሥጋ የጾም ነው የፍስክ ነው በሚለው ላይ ሊቃውንት ሃያ ሁለት ዓመት ተከራከሩ። ክርክሩ ሳያልቅ ሕዝቡ በላ። ጠዋት ቁርጥ፣ ቀን ቁርጥ፣ ማታ ጥብስ። ድሮ ሪህ የጌቶች በሽታ ነበር ይባላል። አሁን ጌታውም ዘበኛውም፣ ቄሱም ዲያቆኑም የእግሩን አውራ ጣት ትራስ ላይ አስተኝቶ ይውላል። የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ የሚወጣ ሰው ሁሉ «ውይ» የሚልባት የራሱ ደረጃ አለችው። ማርሲላስ ወጥ ቤት ሆና፣ ማን እንደመጣ በ«ውይ»ው ትለያለች።

መድኃኒቱ ኮልቺሲን ነው። ሕዝቡ አቆላምጦ ኮልቺ ይለዋል። የሚወጣው ከእሳት አበባ ነው፤ ዘሩም ሥሩም መድኃኒት ነው፣ ዘሩም ሥሩም መርዝ ነው፤ ልዩነቱ ስንት ነው የሚለው ብቻ ነው። አዋሽ ዳር፣ ድሮ ሸንኮራ አገዳ በነበረበት ሜዳ ላይ፣ ቀይና ቢጫ ሆኖ ዓይን እስኪደክም የሚታየው እሱ ነው። ኢዮስያስ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እዚያ እርሻ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራተኞች አለቃ ነበር። ከሠላሳ አንዱ ዓመት የሚያወራው የአንዲት ፍየል ታሪክ ብቻ ነው።

«አጥር ጥሳ ገባች» ይላል። «ሥሩን ቆፍራ እስክትጠግብ በላች። ባለቤቱ እየጮኸ መጣ። ኧረ ምንም አልሆነችም አልነው። እውነትም ምንም አልሆነችም! ያን ቀን ከጓደኞቿ ጋር ስትዘል ዋለች። እንዲያውም እሷ ናት አብልጣ የዘለለችው። በማግስቱ ሆዷን ያዛት፣ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ አልተነሳችም።» ሁልጊዜም እንዲህ ብሎ ይጨርሳል፦ «አበባው ጨዋ ነው። አይቸኩልም።»

ስለዚህ ኮልቺ በእጅ አይሰጥም። በየቤቱ በር አጠገብ አንድ ነጭ ሳጥን አለ። ጠዋት ጠዋት የቤቱ ሰው በየተራ የእግሩን አውራ ጣት ይከትለታል፤ ሳጥኑ ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ደሙን ያያል፣ ኩላሊቱን ይመዝናል፣ የሚገባውን ያህል ጠብ ያደርጋል። አይናገርም። መጀመሪያ ላይ ይናገር ነበር ይባላል፤ ሰው በየጠዋቱ ስለሚሰድበው ዝም እንዲል ተደረገ። ለማርሲላስ በቀን አንድ ክኒን ይሰጣታል። የኢዮስያስ ኩላሊት ግን ደክሟል። የደከመ ኩላሊት ያለው ሰው ውስጥ ኮልቺ ከገባ መውጫ ያጣል፣ እየተጠራቀመ ይቀመጣል። ስለዚህ ሳጥኑ ለእሱ በሁለት ቀን አንዴ ግማሽ ክኒን ነው የሚጥልለት። በግማሽ ክኒን፣ አንሶላ እግሩን ሲነካው የሚጮኸው ሰውዬ አንሶላ ሲነካው መጮኹን ቀጠለ።

ትናንት፣ እሑድ፣ ቤታቸው ሰው ነበር።

የመጡት ሦስት ናቸው። ሮቤል ከኢዮስያስ ጋር እርሻው ላይ አብሮ ያረጀ ጓደኛው ነው። ብሌን የሮቤል ሚስት ናት። ዳጊም ከታች ካለው ፎቅ የሚኖር፣ ሚስቱ የሞተችበት ጎረቤት ነው። ሥጋው ተቆርጦ፣ አዋዜው ቀርቦ፣ ኢዮስያስ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ተቀመጠ። ዝንብ ጣቱ አጠገብ ስታልፍ ሳይቀር ዓይኑን ይጨፍናል።

«እኔ የምለው» አለ ሮቤል፣ «ይሄ ሳጥናችሁ ሰውዬውን በኮልቺ ጾም ሊጨርሰው ነው እንዴ?»

«ኩላሊቱ እኮ…» ጀመረች ማርሲላስ።

«ኩላሊቱ የማን ነው? የሳጥኑ ነው? የኢዮሲ ነው!»

ተሳቀ። ማርሲላስ ሚጥሚጣ ልታመጣ ወጥ ቤት ገባች።

አንድ ልማድ አለ። በማዕድ ላይ የራስን ክኒን አውጥቶ ለብቻ መዋጥ ነውር ነው፤ ሆዳም ያስብላል። ኮልቺ ከሰው ጋር ሲሆን በጉርሻ ነው። ሥጋው መሀል ይደረግና፣ አዋዜ ይነካና፣ «በሞቴ!» ተብሎ ይሰጣል። ሳጥኑ ከሰጠው ቆጥቦ ለክፉ ቀን ያላስቀመጠ ሰው የለም፣ አስቀመጥኩ የሚልም የለም። ስለዚህ ጉርሻ ውስጥ ምን እንዳለ አይነገርም፣ አይጠየቅምም። የተዘረጋ እጅ አይመለስም። ደግሞ አንድ ጉርሻ ያጣላል። ይሄን ሕፃንም ያውቀዋል።

ሮቤል አጎረሰው። «በሞቴ! በል፣ አንድ ያጣላል» ብሎ ደገመው።

ብሌን ከበረንዳው ስትመለስ ቁራሽ ሥጋ አንስታ «የኔስ እጅ ምን ሆነ?» አለች። «በሞቴ!» ብላ እሷም ሁለት አጎረሰችው።

ዳጊም ዘግይቶ ነው የደረሰው። ገና ሳይቀመጥ «እኔ በሥላሴ ነኝ» ብሎ፣ «በሞቴ!» እያለ ሦስት አጎረሰው። በማዕዱ ዙሪያ ሁሉም በየራሱ ሞት ምሏል። በኢዮስያስ ሞት የማለ አልነበረም።

ማርሲላስ ሚጥሚጣውን ይዛ ስትመለስ የዳጊምን ሦስተኛ ጉርሻ አየች። ሳቀችም። ሥጋ ብቻ መስሏት ነው። እሷ እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ ሲያቃስት አላስችላት ብሎ፣ ከአሮጌ የመነጽር ቤት ውስጥ ያስቀመጠቻቸውን ሁለት ክኒኖች በሥጋ ጠቅልላ አጉርሳው ነበር። ይሄን ለእንግዶቹ አልነገረችም። አይነገርማ።

እንግዲህ ሰኞ ጠዋት እግር አለው። ኢዮስያስ እስከ ሳጥኑ ድረስ ሳይደገፍ ሄደ፣ ጫማውን መልሶ አወለቀ፣ ጣቱን ከተተ። ሳጥኑ ቆነጠጠው። ብዙ ቆየ። ከዚያ የክኒን መሳቢያው ባዶውን ወጣ፣ እንደወጣም ቀረ። ማርሲላስ በእጇ ገፋችው፤ ተመልሶ ወጣ።

«ተበላሸ» አለች።

«የድሮ ዕቃ» አለ ኢዮስያስ፣ መሳቢያውን አንድ ጊዜ እያየ። «ልውረድና ንፋስ ልቀበል።»

ወረደ። ማርሲላስ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ጠበቀች። የእሱ በሆነችው በአሥራ አንደኛዋ ደረጃ ላይ «ውይ» አላለም።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከግቢው የብረት ድምፅ ተሰማ። በበረንዳው ቁልቁል ብታይ ሁለት ሰዎች የዕድሩን ድንኳን ብረቶች ከጋሪ ላይ እያወረዱ ነው። የዕድሩ ሊቀ መንበር ወይዘሮ ኤልዳና ከዘራዋን ተደግፋ፣ ወዴት ወዴት እንደሚተከል በእጇ ታሳያለች። ማርሲላስ ነጠላዋን አንስታ፣ እያነከሰች ወረደች።

«እንደምን አደርሽ እትዬ ማርሲላስ» አለች ኤልዳና። «በዚህ በኩል ቢሆን ይሻላል መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በወዲያ በኩል ነው የምትመጣው፣ ለቀስተኛ ታቃጥላለች።»

«ማን ሞተና?»

«እስካሁን ማንም።»

ማርሲላስ ነጠላዋን ሳትለብሰው ያዘችው።

«የእናንተ ሳጥን ለጤና ጣቢያው ነግሮ፣ ጤና ጣቢያው ለእኛ ላከ» አለች ኤልዳና። ድምፅዋ የሐዘንም የደስታም አይደለም፤ ወረፋ የሚያስጠብቅ ሰው ድምፅ ነው። «ቀድሞ ሰው ከሞተ በኋላ ነበር የምንተክለው። ድንኳን እየዘገየ ሰውን ፀሐይ ሲመታው፣ በጉባኤ ተነጋገርንበት። አንቺም እኮ እጅሽን አውጥተሻል።»

አውጥታለች። ታስታውሳለች። ያኔ ጥሩ ሐሳብ ነበር።

«ስንት አለ ሳጥኑ?»

«ከመቶ ዘጠና አራት።»

«ስድስቱስ?»

«ስድስቱማ ድንኳኑን መልሰን እንነቅላለን። አንድ ጊዜ ነቅለናል፣ ብሎክ ዘጠኝ። ጠጉሩ በሙሉ ረግፎ ነበር እንጂ ሰውየው ተርፏል።» አሰብ አደረገችና ጨመረች፦ «ኩላሊቱ ግን ደህና ነበር።»

ኢዮስያስ ከድንኳኑ ጀርባ ብቅ አለ። እጅጌውን ሰብስቦ፣ መዶሻ ይዞ፣ ካስማ እየመታ ነው። አራት ዓመት የዕድር ድንኳን ሲተከል በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር የሚያየው። አሁን አንዱን ብረት ብቻውን አቆመው።

«አይ ኢዮሲ!» አለ ከተካዮቹ አንዱ፣ «ተው አንተ እንኳን፣ አይገባም።»

«ለምን? አባል አይደለሁ?»

ማርሲላስ ወደ ላይ ተመለሰችና ጤና ጣቢያ ደወለች። ያነሳችው ባለሙያ ወጣት ናት፣ ጨዋ ናት።

«የት ነው ያለው አሁን?»

«ድንኳን እየተከለ።»

«ያስታውካል? ያስቀምጠዋል?»

«ኧረ ምንም አልሆነም። እንደዛሬ ደህና ሆኖ አያውቅም።»

«አዎ» አለች ልጅቷ። «እንደሱ ነው። እናቴ፣ ሆዱ መታጠብ የነበረበት ትናንት ነው፣ በዋጠ በሰዓቱ። ማርከሻ የለውም። ደሙን ብናጥበውም አይወጣም። ሲጀምረው አምጡት፣ ግሉኮስ እንሰጠዋለን። ትናንት የት ነበራችሁ?»

«ምሳ ላይ።»

ከወዲያ በኩል የሚጻፍ ነገር ድምፅ ተሰማ። «ስንት ነው የዋጠው? ቁጥሩ ቢታወቅ ጥሩ ነው።»

ማርሲላስ ቁጥሩን ልታመጣ ወጣች። ቁጥር ምን እንደሚሠራላት አላወቀችም፤ ግን ከተጠየቀችው ነገር ሁሉ ልታደርገው የምትችለው እሱን ብቻ ነው።

ሮቤልና ብሌን የሚኖሩት ቀጣዩ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሮቤል በሩን ሲከፍት እየሳቀ ነበር። «ሰማሁ! በእግሩ ወረደ አሉ! አላልኩሽም? ሳጥን ምን ያውቃል?»

«ስንት አጎረስከው?»

«ምን?»

«ሮቤል፣ ስንት?»

ሳቁ በአንድ ጊዜ አልጠፋም፤ ፊቱ ላይ ቦታ እንዳጣ ዕቃ ትንሽ ቆየ። «ሁለት። ሁለት ብቻ ነው። ሰው በሁለት ምን ይሆናል?»

ብሌን ከውስጥ መጣች። ባሏን አየች፣ ማርሲላስን አየች።

«አንተም ነበረበት እንዴ ያንተ ውስጥ?» አለችው።

«ያንቺስ?»

«ሁለት» አለች ብሌን። «አንተ ሥጋ ብቻ የሰጠኸው መስሎኝ ነው። እኔ እንዴት አውቃለሁ? አይጠየቅ ነገር!»

ባልና ሚስት በአንድ ቤት ውስጥ በሁለት የተለያየ ቦታ ደብቀው ማስቀመጣቸውን በዚያ ደቂቃ ተዋወቁ። ማርሲላስ እነሱን ትታ ወረደች። በሩ ከኋላዋ ሳይዘጋ «የት ነበር ያስቀመጥሺው?» ሲል ሰማች።

ዳጊም በሩ ላይ ተቀምጦ ግቢው ውስጥ የሚተከለውን ድንኳን እያየ ነው። ገና ሳትጠይቀው ሦስት ጣት አወጣ።

«በሥላሴ» አለ። «ሦስቱም ውስጥ። የሚስቴ ነበሩ፣ የተረፉ። ለማን ላስቀምጣቸው ብዬ ነው።» ጣቶቹን መልሶ ማጠፍ ረስቷል። «ለማን ነው ድንኳኑ እትዬ?»

ደረጃው ላይ ቆመች። ሁለት የሮቤል፣ ሁለት የብሌን፣ ሦስት የዳጊም፣ ሰባት። ሁለት የእሷ፣ ዘጠኝ። ሁሉም እውነቱን ተናግሯል፤ ሁሉም ያለውን ሰጥቷል፤ ማንም የልማዱን ያህል እንጂ ከዚያ በላይ አላደረገም። ደውላ «ዘጠኝ» አለች። ልጅቷ «እሺ፣ እግዜር ያጽ…» አለችና «ደህና ዋሉ» ብላ ዘጋች።

እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ድረስ ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ የዕድሩ ሴቶች ወጥ ሠርተው አወረዱ። ድንኳን ያየ ጎረቤት ልማዱ ነውና መምጣት ጀመረ። አንገቱን ደፍቶ ይገባል፣ «እግዜር ያጽናች…» ይላል፣ ቀና ሲል ኢዮስያስን ከፊቱ ቆሞ ያገኘዋል። አንዳንዱ «እንዴት ዋልክ» ይላል። አንዳንዱ ዓረፍተ ነገሩን እንደጀመረው ይጨርሰዋል፤ ኢዮስያስም «አሜን» ይላል። አንዲት አሮጊት ግን ጭራሽ አላዩትም፤ አጠገቡ ተቀምጠው «ማን ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁት።

«እኔ ነኝ እማማ።»

«ውይ፣ ያንተ ወገን ነው? አይዞህ።»

ማርሲላስ መጥታ በሌላው ጎኑ ተቀመጠች። የግራ እግሩን አየች። በጫማ ውስጥ ነው፣ መሬት ረግጧል፣ እንደ ማንኛውም እግር።

«ነገሩህ?» አለችው ቀስ ብላ።

«ማን ይነግረኛል? መሳቢያው ሲቀር አውቄአለሁ። ኧረ ከዚያም በፊት ነው። ኮልቺ ይመራል እኮ። በአዋዜ ቢለወስም ምላስ ላይ ይታወቃል።»

«ስንት እንደነበረ ታውቅ ነበር?»

«ዘጠኝ።»

«አንተ የፍየሏ ሰውዬ!» አለችው። ጮኻ ነበር ልትለው ያሰበችው፤ የወጣው ሹክሹክታ ነው። «ለምን ዋጥክ? ለምን አልተፋኸውም? ለምን በቃኝ አላልክም?»

ኢዮስያስ መልሱን የፈለገው ከመሬት ነው። አገኘውም።

«የማንን እጅ ልመልስ ማርሲ? የሮቤልን መልሼ የብሌንን ልቀበል? የዳጊምን? የሟች ሚስቱን ክኒን ይዞልኝ መጥቶ?» ቀና አለና አያት። «የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያንቺ ነበሩ። አንዴ ያንቺን ከዋጥኩ በኋላ…»

ማርሲላስ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

«ብትነግሪኝም እምቢ አልልሽም ነበር» አላት። «አንሶላ ሲነካኝ የምጮህ ሰውዬ ነኝ። ዛሬ አሥራ አራት ካስማ መታሁ። ቆጥሬአለሁ። ያቺ ፍየል አሁን ነው የገባችኝ፤ ለምን አብልጣ እንደዘለለች።»

«ጤና ጣቢያ ሲጀምረው አምጡት ብለዋል። ብሎክ ዘጠኝ አንዱ ሰውዬ ተርፏል።»

«ጠጉሩ ረግፎ» አለ ኢዮስያስ። «አውቀዋለሁ። እኔ ድሮውንም መላጣ ነኝ፣ በምን ይታወቅብኛል?»

ሳቀች። ሳቋ ሲወጣ ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያት፣ ከዚያ በጨዋ ደንብ ፊቱን መለሰ።

ሴቶቹ ትሪውን አምጥተው መሀላቸው አስቀመጡ። ገንዳ ያበቀለው ሥጋ፣ በላዩ የተቀቀለ እንቁላል፤ ከዳር ደግሞ፣ የት እንዳገኙት እንጃ፣ ትንሽ ጎመን። ኢዮስያስ ጎመኑን አየና «አይ፣ አከበሩኝ» አለ። እጁን ታጥቦ እንጀራ ቆረሰ፣ ጎመኑን ብቻ ለይቶ ጠቀለለ። በጥንቃቄ ነው የጠቀለለው፣ አንዲት ቅጠል እንኳ አልወጣችም።

«በሞቴ» አላት።

ቃሉ እንደወትሮው ነው የወጣው። ሰው ሁሉ በየቀኑ፣ በየማዕዱ የሚለው ቃል ነው። ማርሲላስ ግን ቀና ብላ አየችው፣ ፊቱ ላይ ቀልድ እንዳለ ፈለገች። አልነበረም። አፏን ከፈተች። እጁ ከንፈሯን ነካ፤ ደረቅ ነው፣ ካስማ ሲመታ ቆስሏል። ጎረሰች። ጎመን ከበላች ሁለት ዓመቷ ነው።

«አንድ ያጣላል» አለና ሁለተኛውን ይጠቀልል ጀመር።

እሷ ገና የመጀመሪያውን እያላመጠች ነው። ቶሎ ቶሎ አላመጠች። ዋጠችና አፏን ከፍታ ጠበቀች።

እጁ ከትሪው ተነሳ፣ ግማሽ መንገድ መጣ፣ ቆመ። ኢዮስያስ አንድ ሰው ከሩቅ በስሙ የጠራው ይመስል አንገቱን ዘንበል አደረገ። ሌላው እጁ ቀስ ብሎ ሄዶ ሆዱ ላይ አረፈ። ግንባሩ ላይ ላብ ነጠብጣብ ወጣ፣ አንድ፣ ከዚያ ብዙ።

«ትንሽ ቆዪ» አላት።

ጉርሻውን መልሶ ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው፤ እንዳይፈታ አድርጎ፣ በጥንቃቄ። ከወዲያ በኩል ወይዘሮ ኤልዳና ከዘራዋን አንስታ፣ ውጭ ለቆሙት ተካዮች አግዳሚ እንዲጨምሩ ምልክት ሰጠች።

ማርሲላስ አፏን አልዘጋችም።